በባዶ ሆድ ከአዲሱ ገበያ እስከ ፒያሳ

ውጭ አገር የሄደ ጓደኛ ያለው ሁሉ ይህችን ፎቶ ያውቃታል። ከኋላ ያረጀ የድንጋይ ሕንፃ፣ ከፊት በወረቀት የተጠቀለለ ቁራሽ ፒዛ፣ መሀል ላይ ከእኛው ሰፈር ተነስቶ አውሮፓ የደረሰ ፈገግታ። ከሥሯ ደግሞ «ሮም በአምስት ዩሮ» የምትል ጽሑፍ። እኛም እንደ ወጉ ላይክ እናደርጋለን፣ «በርታ ወንድሜ» ብለን ኮሜንት እንጽፋለን፣ ከዚያ ስልካችንን ገልብጠን እናስቀምጣለን። ቅናት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የሚያስቀናን ግን ፒዛው አይደለም። ያረጀ ከተማ ውስጥ፣ ኪስ ሳይጎዳ፣ እየበሉ መዞሩ ነው። ታሪክ በአንድ እጅ፣ ምሳ በሌላ እጅ። ለዚህ ለዚህ ቪዛ የግድ ነው ወይ ብለን ሦስታችን ተጠያየቅን።

ሦስታችንም የአዲሱ ገበያ ልጆች ነን። ሰፈራችን ስሙ «አዲሱ» ይሁን እንጂ የተቀመጠው በአዲስ አበባ አሮጌው ጫፍ ላይ ነው። ከበላያችን እንጦጦ አለ፤ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ ታች ከማውረዳቸው በፊት የነበሩበት፣ በ1882 ዓ.ም. በማርያም ቤተ ክርስቲያን ዘውድ የጫኑበት ተራራ። ከበታቻችን አራዳ አለ፤ ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ በ1923 ዓ.ም. የነገሡበት የጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን። ከላይ የዘውድ ተራራ፣ ከታች የዘውድ ካቴድራል፣ መሀል ላይ የታክሲ ሰልፍ። ሰልፉ እኛ ነን።

እናም መስከረም ውስጥ በአንድ ቅዳሜ ወጣን። ደንባችን ሦስት ብቻ ነበር። አንደኛ፣ ለሦስታችን የቀኑ በጀት 600 ብር ነው፤ ካለቀ አለቀ፣ መበደር የለም። ሁለተኛ፣ ከአዲሱ ገበያ እስከ ፒያሳ በእግር ብቻ። መንገዱ ቁልቁለት ስለሆነ ይህኛው ጀግንነት አይጠይቅም። ሦስተኛ፣ በር ያለው ቤት ገብቶ መብላት ክልክል ነው፤ የሚበላው ደጅ ላይ የሚሸጥ ብቻ። ደንቦቹን ስናወጣ ብዙ ያሳቀችን ሦስተኛዋ ናት። ማታ ወደ ቤት ስንመለስ ስንከራከርባት የመጣነውም እሷው ናት።

ፓስቲ በጎጃም በር

አዲሱ ገበያ ጠዋት ላይ የከተማ በር ነው። የጎጃም መንገድ የሚወጣው በዚሁ ነው። ረዳቶች «ሱሉልታ! ሱሉልታ! ጫንጮ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ከዚያ ማዶ የአዲስ አበባ ወተት የሚመጣበት የሰላሌ ምድር አለ፤ ከዚያም ማዶ ዓባይ በረሃ፣ ከበረሃው ማዶ ጎጃም። ከተማ የሚገባው ሰው ጋቢውን እንደለበሰ ከመኪና ይወርድና ቆም ብሎ ግራ ቀኙን ያያል። ያ ቆም ማለት ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ከሦስታችን የሁለታችን አባቶች በዚህችው ስፍራ ላይ ቆመው አይተዋታል። የክፍለ ከተማችን ስም ጉለሌ ራሱ፣ ከተማዋ ከመቆርቆሯ በፊት በዚህ ምድር ይኖር የነበረው የኦሮሞ ጎሣ ስም ነው። እንግዲህ አዲሱ ገበያ ላይ የቆመ ሰው ሁሉ፣ ቀድሞ የነበረና በኋላ የመጣ እየተባለ፣ የአንድ ረጅም ሰልፍ አካል ነው ማለት ነው።

ከመኪና የወረደ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የሚሞቅ ነገር ነው። ከታክሲው ተራ አጠገብ አንዲት እናት የሸራ ጥላ ሥር ሰፊ መጥበሻ ጥደዋል። ከጎናቸው የሻይ ፔርሙስ፣ አራት ዱካ፣ አንድ የተገለበጠ የቢራ ሳጥን።

«እናት፣ ፓስቲው ትኩስ ነው?»

«አሁን ነው ከዘይት የወጣው። እፍ እያልክ ብላ የኔ ልጅ፤ ምላስህን ኋላ እንዳትከሰኝ።»

ፓስቲን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። ሊጥ ነው፣ ዘይት ገብቶ ይነፋል፣ ሲነክሱት ውስጡ አየር ነው። ሆድ አይሞላም፣ ግን እስከ አራት ሰዓት ያደርሳል። ከጎኑ በዚያው ትሪ ላይ ቦንቦሊኖ ተደርድሯል፤ ስሙን ጮክ ብላችሁ ስትጠሩት ከየት እንደመጣ ራሱ ይናገራል። ጣልያኖች ቦምቦሎኔ የሚሉት የተጠበሰ ሊጥ ነው። ጣልያን አዲስ አበባን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ይዟት ቆየ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ያደረገውን ስድስት ኪሎ የቆመው ሐውልት ይናገራል። ታዲያ አያቶቻችን ጠመንጃ ይዞ የመጣውን አስወጥተው ሲያበቁ ዱቄት ይዞ የመጣውን አስቀሩት። ቦንቦሊኖ ቀረ፣ ማኪያቶ ቀረ፣ ፒያሳ የሚለው ስምም ቀረ። ቂም እንዴት እንደሚያዝና እንዴት እንደማይያዝ የሚያስተምር ትሪ ነው።

ሦስት ፓስቲ 60 ብር፣ ሦስት ሻይ 45 ብር። ጸሐፊያችን መዘገበ። (ጸሐፊ ያልነው ከሦስታችን ሒሳብ የሚወደውን ነው፤ ሌላው ሥራው ማልቀስ ነው።)

የባሕር ማሽላ በባሕር ዛፍ

ወደ ሰሜን ማዘጋጃ ቁልቁል ስንወርድ አፍንጫችን ከዓይናችን ቀደመ። በቆሎ። አንድ ልጅ በቆርቆሮ ምድጃ ላይ እሸት ደርድሮ በካርቶን ያራግባል። ፍንጣሪው ወደ አስፋልቱ ይበራል፤ ልጁ አይደነግጥም፣ እኛ እንደነግጣለን።

«ለስለስ ያለ ነው ጠንከር ያለ የምትፈልጉት?»

«መሀል ላይ ያለ።»

«መሀል የሚባል የለም ወንድሜ፤ በቆሎ ወይ ልጅ ነው ወይ ሽማግሌ።»

ከመስከረም በቆሎ ጋር የማይስማማ አዲስ አበቤ አላየንም። ግን በቆሎ አገሩ እዚህ አይደለም። ከአሜሪካ አህጉር ተነስቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ ነው የመጣው። የድሮ ሰዎች ይህን ያውቁ ስለነበር «የባሕር ማሽላ» አሉት፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ማሽላ ማለት ነው። በርበሬም የዚያው አህጉር ልጅ ነው። በዚህ ወቅት በጋሪ ላይ ተከምሮ በቢላ እየተላጠ የሚሸጠው በለስም እንደዚሁ። አሁን በየሰፈሩ የምንቀቅለውን ድንች ደግሞ፣ ታሪኩን የጻፉ ሁሉ እንደሚሉት፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ረጅም ዘመን የኖረው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር በ1850ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ነው ያስገባው። ሮም ያለው ጓደኛችን የሚበላው ፒዛ ላይ የተቀባው ቲማቲም ሳይቀር ከዚያው ከአሜሪካ የሄደ ነው። የራሱን ብቻ የሚበላ አሮጌ ከተማ የለም፤ ካለም እስካሁን ፎቶው አልደረሰንም።

ልጁ እሳቱ ሲደክምበት ከጆንያ ውስጥ የባሕር ዛፍ ጭራሮ አውጥቶ ጨመረበት። እዚያ ላይ ነው ከመካከላችን አንዱ የሳቀው። ባሕር ዛፍም ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ የአውስትራሊያ ተወላጅ። በምኒልክ ዘመን አዲስ አበባ የማገዶ እንጨቷን ጨርሳ ነበር። ንጉሡ ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰዋል። ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት ቶሎ የሚያድገው ይህ ዛፍ ነው። እንግዲህ እኛ አዲሱ ገበያ ላይ ቆመን የባሕር ማሽላ በባሕር ዛፍ እሳት እየጠበስን እንበላለን፤ አገራችን ደግሞ የባሕር በር የላትም። ባሕሩ ራሱ እኛ ጋ መጥቷል ብለን ተጽናናን።

ይህን እያወራን ሳለ ከእንጦጦ በኩል እንጨት የተሸከሙ ሁለት ሴቶች መጡ። ሸክሙ ከእነሱ ይረዝማል፤ ወገባቸው እንደ ቅንፍ ታጥፏል። የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከላይ ፈረስ ይጋለባል፣ ገመድ ላይ ይንሸራተታል፤ በጓሮ በኩል ግን እንጨቱ ዛሬም በሴት ጀርባ ይወርዳል። አንደኛዋ ሸክሟን ግንብ ላይ አስደግፋ አንድ በቆሎ ገዛች፤ ለሁለት ሰብራ ግማሹን ለጓደኛዋ ሰጠች። የከፈለችው እኛ የከፈልነውን ነው። ልጁ ለእሷ አላስወደደም፣ ለእኛም አላስረከሰም። ከዚህች ምድጃ ፊት ሁላችንም እኩል ነበርን፤ በከተማችን እንዲህ ያለ ቦታ ቁጠሩ ብትሉን ከጣታችን ቁጥር አያልፍም።

ሦስት በቆሎ 120 ብር። ድምር 225። ጸሐፊያችን ፊቱን አጠቆረ።

ጀበናውን ወደን ሠሪዋን

ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ታጥፈን ቀጨኔ ገባን። ቀጨኔ የሸክላ አገር ነው። ምጣድ፣ ጀበና፣ ድስት፣ የዕጣን ማጨሻ፤ በየቤቱ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። በአዲስ አበባ ቡና የጠጣ ሰው ሁሉ አንድ ቀን የቀጨኔን ሸክላ ይዟል ብንል ብዙ አላጋነንም።

የዚህን ሰፈር ታሪክ ግን ጎብኚ ሊያስተውለው አይችልም፤ ምክንያቱም ሐውልት የለውም። ቀጨኔ የሰፈሩት ባለሙያዎች ናቸው፤ ሸክላ ሠሪ፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ። ከተማዋ ስትቆረቆር ያለ እነሱ እጅ አንድ ቀን አታድርም ነበር። ማረሻው ከእነሱ፣ ምጣዱ ከእነሱ፣ ኩታው ከእነሱ። ምላሹ ግን ስድብ ነበር። «ቡዳ» ተባሉ፣ «ጅብ ይሆናሉ» ተባለ፣ ጋብቻ ተከለከሉ። አያቶቻችን ጀበናውን አቅፈው ሠሪዋን ሸሹ። እኛም ልጅ ሆነን «ቀጨኔ ማታ እንዳትሄዱ» ስንባል ምክንያቱን የሚነግረን አልነበረም።

ቡና የጠጣነው እዚያው፣ አንዲት ልጅ ከደጃፍ ቄጠማ ጎዝጉዛ ካቀረበችው ረከቦት ላይ ነው። ጀበናዋ የጎረቤቷ እናት ሥራ ነው። «ይህቺ ሦስት ዓመት ሆናት፤ አልተሰነጠቀችም» አለችን፣ ልክ ስለ ወንድሟ እንደምታወራ። ያንን ጀበና የሠሩት እናት አጠገባችን ተቀምጠው በእግራቸው ጭቃ እየረገጡ ነበር።

«እማማ፣ ስንት ዓመት ሠሩ ይህን?»

«ዓመት አልቆጥርም፤ ጀበና ነው የምቆጥረው።»

ይህን ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ከሩቅ አገር ሄደን ይህን የመሰለ ሰፈር ብናገኝ በር ላይ ትኬት ቆርጠን እንገባ ነበር። ቀጨኔ ግን ከእኛ ቤት በእግር የሚደረስበት ነው፤ ሸክላው ሲሠራ ማየትም ነፃ ነው። ሦስት ቡና 75 ብር። ድምር 300፤ ገና ከመንገዱ ግማሽ።

ሳምቡሳ ሃይማኖት የለውም

በሰሜን ሆቴል አድርገን ጊዮርጊስ ደረስን። ቤተ ክርስቲያኑ ስምንት ማዕዘን ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ሲሠራ የጣልያን ምርኮኞች ሠርተውበታል፤ ጣልያን ተመልሶ ሲመጣ አቃጠለው፤ ከነፃነት በኋላ ታደሰ። ከፊቱ የምኒልክ ሐውልት በፈረስ ላይ አለ። እሱም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው፤ በ1923 ዓ.ም. ከንግሥ በዓሉ ጋር ቆመ፣ በወረራው ዘመን ጣልያኖች ነቅለው ቀበሩት፣ ነፃነት ሲመለስ እሱም ወጣና ቦታውን ያዘ። እንደ አራዳ የተቃጠለ፣ የፈረሰና የተመለሰ ሰፈር የለም። ይህን አስታውሱልን፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ምሳችን ሳምቡሳ ነበር። ምስር የሞላው፣ ቃሪያ የበዛበት። ለእያንዳንዳችን ሁለት ሁለት፣ 120 ብር። ከአንዲት ባለ ቁና ደግሞ የገብስ ቆሎ በሱፍ የ30 ብር ገዝተን በጋዜጣ ተጠቅልሎልን ግንቡ ሥር ተቀመጥን። እዚያ ነው ጸሐፊያችን በቀኑ ውስጥ ብቸኛዋን ቁም ነገር የተናገረው።

«አስተውላችኋል? ከጠዋት ጀምሮ ሥጋ አልበላንም።»

እውነቱን ነው። ፓስቲ፣ በቆሎ፣ ሳምቡሳ፣ ቆሎ፣ ድንች፣ በለስ። የአዲስ አበባ የጎዳና ምግብ ከሞላ ጎደል ጾመኛ ነው። አንዱ ምክንያት ግልጽ ነው፤ ሥጋና ቅቤ ውድ ናቸው። ሁለተኛው የጾም ብዛት ነው፤ የኦርቶዶክስ ምእመን ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ቀን ስለሚጾም፣ ረቡዕና ዓርብ ቤት ተቀምጣ የምትከስር ባለ መጥበሻ የለችም። ሦስተኛው ምክንያት ግን ከሁሉም ይበልጣል። በአገራችን ክርስቲያንና ሙስሊም ለቅሶ አብረው ይቀመጣሉ፣ ሠርግ ይጠራራሉ፣ ዕቁብ ይጥላሉ፤ የሚለያቸው የሥጋ ትሪ ነው። ምስር የሞላው ሳምቡሳ ግን ማን ባረከው ተብሎ አይጠየቅም። ስሙ ከፋርስ፣ መንገዱ በዓረብና በሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴዎች በኩል፣ ዛሬ በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ የመጀመሪያው፣ በሁዳዴ ደግሞ የምሳ ምትክ። ከሦስታችን አንዱ ሙስሊም ነው። አሥራ አምስት ዓመት አብረን ስንበላ «ያንተ ነው የኔ?» ተባብለን የማናውቀው፣ ለካ ደጅ ስለምንበላ ነው። ወዳጅነታችንን ያቆየው መቻቻል የሚባለው ትልቅ ቃል ብቻ አይደለም፤ ምስርም አለበት።

ድምር 450።

ዶሮ ማነቂያ ላይ

ከጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ የሚወስደው ነገር ሁሉ ተለውጧል። በምኒልክ አደባባይና በማዘጋጃ ቤቱ መካከል በየካቲት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል። ግዙፍ ነው፣ ያምራል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሰፊ፣ የእግረኛው ንጣፍ ለስላሳ፣ የብስክሌት መስመሩ የተቀባ፣ መብራቱ የሰርግ ነው። ከዚያ የምረቃ ወር ብዙም ሳይቆይ የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ነው የድሮዋ ፒያሳ አንድ ትልቅ ክፍል የፈረሰው። ዶሮ ማነቂያም ያኔ ሄደ፤ ያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ፣ ጥብሱ ከደጅ የሚሸት፣ ስሙ ራሱ የሚያስርብ መንደር። ከነዋሪው ብዙው ከመሀል ከተማ ርቀው ወደሚገኙት እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ መንደሮች ተዛወረ።

እዚህ ላይ እንደ አንዳንድ ወዳጆቻችን ዓይናችንን ጨፍነን አናለቅስም። ከፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ የሚያፈስ ጣራ፣ ለሃያ ቤተሰብ አንድ መጸዳጃ የነበራቸው ናቸው። ሩቅ ሆኖ ናፍቆት ቀላል ነው፤ ክረምቱን እዚያ ያሳለፈ ያውቀዋል። አዲሱ ንጣፍ ላይ ደግሞ በዚያ ቅዳሜ አንድ ወጣት በተሽከርካሪ ወንበር ያለ ማንም እርዳታ ሲሄድ አይተናል። በድሮው ፒያሳ ይህ አይሞከርም ነበር። የተሻለ መንገድ የተሻለ መንገድ ነው።

ግን ራበን፤ ከኪሳችንም 150 ብር ቀርቶናል፤ ሦስተኛዋ ደንባችንም አለች። እናም በዚያ ሁሉ ውበት መሀል ደጅ የሚሸጥ ምግብ ፍለጋ ጀመርን። የሚያማምሩ አግዳሚ ወንበሮች አሉ፤ አጠገባቸው የሚበላ የለም። መስታወት በር ያላቸው ካፌዎች አሉ፤ እዚያ ለሦስት ሰው ማኪያቶና ኬክ ብናዝዝ 150 ብራችን የት እንደገባ አይታወቅም። አንድ በለስ የሚልጥ ልጅ ጋሪውን ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ስቦ አገኘነው። ስድስት በለስ በ60 ብር ላጠልን፤ ግን ከበለሱ ይልቅ የመንገዱን ሁለት ጫፍ ነው የሚያየው። ጠዋት በቆሎ የጠበሰልን ልጅ ዓይኑ እሳቱ ላይ ነበር። የዚህኛው ዓይን መንገድ ላይ ነው።

ሲመሻሽ ነው ድንች ያገኘነው። አንዲት እናት በፌስታል የተጠቀለለ ሳፋ በነጠላቸው ሸፍነው ግንብ ጥግ ቆመዋል። ድንቹ ይጨሳል። ሚጥሚጣው በትንሽ የመድኃኒት ብልቃጥ ነው።

«ማዘር፣ ድንች አለ?»

«አለ፤ ቶሎ ውሰዱ። ቁጭ አትበሉ።»

ቁጭ አትበሉ። ቆመን በላን፤ 90 ብር። 600 ሞላ። እየበላን ጠየቅናቸው። ለዓመታት ዶሮ ማነቂያ አፍ ላይ ነበር የሚሸጡት። ደንበኞቻቸው ሊስትሮ፣ ሎተሪ አዟሪ፣ ወዛደር፣ ማታ ከሥራ የሚወጡ አስተናጋጆች። ቦታ ነበራቸው፤ ሦስት ዱካና አንድ ፋኖስ። የተበደረ ይበደር ነበር፤ የሚመለስበት ቦታ ስላለ ይመለሳል።

«ድሮ ቁጭ አድርጌ ነበር የማበላ» አሉን። «አሁን እየሄድኩ ነው የምሸጥ። የሚሄድ ሰው ደግሞ ዱቤ አይሰጥም።»

ይህቺን ዐረፍተ ነገር ይዘን ነው ሽቅብ የተመለስነው።

የሦስተኛዋ ደንብ ነገር

ስንከራከር የመጣነው እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዱ «የጎዳና ንግድ የድህነት ምልክት ነው፤ ከተማ ሲያድግ ይጠፋል» አለ። መልካም። ኔፕልስ ድሃ ከተማ አይደለችም፤ የፒዛ ጋጋሪዎቿ ሙያ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሲንጋፖር ከዓለም ሀብታም ከተሞች አንዷ ናት። እሷም በአንድ ወቅት መንገዶቿ በባለ ጋሪ ምግብ ሻጮች ተጨናንቀው ነበር፤ ቆሻሻ ነበር፣ በሽታ ነበር። መንግሥቷ ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 80ዎቹ እ.ኤ.አ. ያደረገው ሻጮቹን መመዝገብ፣ ከዚያም ውኃ፣ ፍሳሽና ጣራ ወዳላቸው የጋራ የምግብ ማዕከላት ማስገባት ነው። ጎዳናው ጸዳ፤ ምግቡም ርካሽ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2020 ያ የምግብ ባህል ዩኔስኮ ዘንድ ተመዘገበ። ጎዳና ማጽዳትና ሻጭን ማጥፋት አንድ ነገር አይደሉም ማለት ነው።

ሌላኛችን ደግሞ እንዲህ አለ፤ እኛም የምንስማማው በዚህ ነው። ርካሽ ምግብ የሆድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የመሀል ከተማ መግቢያ ፈቃድ ነው። በ30 ብር ቁጭ ብሎ ድንች የሚበላበት ሰፈር ያለው ሊስትሮ ፒያሳ የእሱም ናት። ያ ሲጠፋ ፒያሳን ያቋርጣታል እንጂ አይኖርባትም። እኛ ታሪክ የተማርነው በዚህ መንገድ ነው፤ አባቶቻችን ለሙዚየም የሚሰጡን ገንዘብ አልነበራቸውም፣ ለሳምቡሳ ግን ነበራቸው። ጊዮርጊስን ያወቅነው ሳምቡሳ ፍለጋ ስንሄድ ነው። ቀጨኔን ያወቅነው ቡና ፍለጋ ነው። ሆዳችን ይመራን ነበር፣ ዓይናችን ይከተል ነበር። በር ያለው ቤት ብቻ ያለበት ከተማ ለዛሬው የአዲሱ ገበያ ልጅ ይህን ዕድል አይሰጠውም። ንጣፉ ላይ ይሄዳል፣ መብራቱን ያያል፣ ይርበዋል፣ ታክሲ ይዞ ይመለሳል።

አራዳ ተቃጥሎ ታድሷል፣ ሐውልቱ ተቀብሮ ወጥቷል ብለናል። ሕንፃ ይመለሳል፤ ገንዘብና መሐንዲስ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሦስት ዱካና አንድ ፋኖስ ግን በምረቃ ሪባን አይመለስም። የሚመለሰው ባለቤቷ ሳትርቅ ከተያዘች ብቻ ነው። የምንጠይቀው ደግሞ ብዙ አይደለም። ከአዲሱ ገበያ እስከ ፒያሳ ባለው በዚያ ሁሉ የተነጠፈ መንገድ ላይ ሦስት ጥግ ይበቃል፤ ጣራ፣ የውኃ ቧንቧ፣ የቆሻሻ ገንዳ፣ ቁጥር የተሰጠው ቦታ፣ እናቶች የሚችሉት የወር ኪራይ። አግዳሚ ወንበሮቹ አሉ። የጎደለው ድንቹ ነው።

መውጣት ላሰባችሁ

መስከረምን አታሳልፉት፤ በቆሎውም በለሱም ያለው ያኔ ነው። ከላይ ወደ ታች ሂዱ፤ ቁልቁለቱ ሆዳችሁ ሲሞላ ያግዛችኋል። እጃችሁን የምትታጠቡበት አንድ ጠርሙስ ውኃ ያዙ። ከፊታችሁ ከእሳት የወረደውን ብሉ፤ በጥሬው ተከትፎ የቆየውን ሰላጣ እለፉት። ቀጨኔ ስትደርሱ ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፤ ከተቻላችሁ አንድ ጀበና ግዙ። ፒያሳ ስትደርሱ እስኪመሽ ጠብቁ፤ ሳፋ የሸፈነች እናት ካያችሁ ቆማችሁም ቢሆን ብሉ፣ ድሮ የት ይሸጡ እንደነበር ጠይቁ፣ መልሱንም ለሌላ ሰው ንገሩ።

እና ዝርዝር ብር ያዙ። ለ30 ብር ድንች 200 አውጥታችሁ እናት አታስጨንቁ።